ከራሱና ከአንድ በቀር

በዚያ የወላጆች ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። የሂሳብ አስተማሪያችን ቲቸር ግርማ። ዳይሬክተሩ፣ ሌላ ክፍልም ስለሚጠብቃቸው በሩ አጠገብ ቆመው ሰዓታቸውን እያዩ። የወላጅ ኮሚቴዋ ወይዘሮ አልማዝ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ወንበር ላይ። ባለሱቁ ጋሽ ሸምሱ፣ የስልጤ ሰው ናቸው፣ ሱቁን ለማን ትተው እንደመጡ እንጃ። ልጃቸው ዘምዘም፣ ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የምትቀመጠው። አክስቴ ስንዱ፣ ከሳሪስ በጠዋት ተነስታ የመጣችው፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ሳይተኛ የመጣው አባቴ። ሌሎችም ወላጆች ነበሩ፣ የክፍላችን ልጆችም፤ የሁሉንም ስም ልጻፍ ብል የምረሳው ስለሚኖር ትቼዋለሁ። ሰሌዳው ፊት ጠመኔ ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ዘንድሮ ልጄን ስድስተኛ ክፍል ለማስመዝገብ ወደዚያው ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። እኛ የተማርንበት የጭቃ ክፍል ፈርሶ ፎቅ ተሠርቷል። ሰሌዳውም ነጭ ሆኗል። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ግን አጥሩን ተደግፎ የዱባ ሐረግ ወጥቷል፤ የተከሉት ጥበቃው ሳይሆኑ አይቀሩም። ዝናብ ጥሎ ገና ማባራቱ ነበር። ሰው ረግጦት ያለፈ የዱባ ቅጠል ሸተተኝና እዚያው ቆምኩ።

«ማሚ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ ልጄ።

«ምንም» አልኳት። ከየት ጀምሬ እንደምነግራት አላውቅም ነበር።

በእኛ ጊዜ ሰሌዳው ጥቁር ነበር፤ የሚያጠቁረውም ተማሪው ነው። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ይሰበርና ውስጡ ያለው ጥቁሩ ይወጣል፣ ይፈጫል፣ ከዱባ ቅጠል ጋር ይታሻል፣ ከዚያ በጨርቅ እየተነከረ ሰሌዳው ይቀባል። ያን ዓመት ከገና ፈተና በኋላ ተራው የእኔና የዘምዘም ሆነ። ቅጠሉን ከአቃቂ ወንዝ ዳር ካሉት አትክልተኞች ለምነን አመጣን። የባትሪ ድንጋዩን ዘምዘም ከአባቷ ሱቅ ይዛ መጣች። ስንጨርስ እጃችን እስከ ክርናችን ጥቁርና አረንጓዴ ሆኖ ነበር። የጥፍራችን ስር ለብዙ ቀን አልለቀቀም።

ቲቸር ግርማ ገባ፤ ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ ቢያስኬደው አልጽፍ አለው፣ ገና እርጥብ ነው።

«ሰሌዳውን አጠባችሁት ወይስ ቀባችሁት?» አለን። ልጆቹ ሳቁ። «እሺ፣ ዛሬ በጆሮ ነው የምንማረው። ለየዴስኩ አንዳንድ ቁጥር እሰጣለሁ። እስከ ወላጆች ቀን ድረስ የቁጥራችሁን ባሕርይ አጥኑ። ያን ቀን ወላጆቻችሁ ፊት ቆማችሁ ትናገራላችሁ።»

ባሕርይ የሚለውን ቃል የማውቀው ከአክስቴ አፍ ነበር። ሠራተኛ ስታባርር፣ «ባሕርይዋ አልተመቸኝም» ትላለች። ስለዚህ ቁጥርም የሚቆጣ፣ የሚያኮርፍ፣ ዝምተኛ የሚሆን መሰለኝ። የእኛን በጉጉት ጠበቅኩ።

«እናንተ፣ አስራ አንድ ሺህ አንድ መቶ አስራ አንድ» አለን።

እኔ እንደሰማሁት ጻፍኩት፤ አስራ አንድ ሺሁን ከነዜሮው፣ መቶውን ከነዜሮው፣ ከዚያ አስራ አንድ። ደብተሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ዘምዘም አየችኝና በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

«ምንድን ነው ይሄ፣ የስልክ ቁጥር ነው?»

«እሱ ያለውን ነው የጻፍኩት።»

«አምስት አንድ ነው ብዙነሽ። አምስት አንድ ብቻ።» ከኔው ስር ጻፈችልኝ፦ 11111። አምስት ሰው ጎን ለጎን የቆመ ይመስላል። በጣም ወደድኩት።

ከፊታችን ያሉት ወንዶች የደረሳቸው አስራ ሁለት ሺህ ነበር። ገና በዕለቱ በኩራት ዞረው ይነዘንዙን ጀመር።

«የኛ በሁለት ይካፈላል፣ በሦስት ይካፈላል፣ በአራት፣ በአምስት፣ በስድስት ይካፈላል። የናንተስ?»

«የኛ በምንም አይካፈልም» አለች ዘምዘም።

«ጎዶሎ ነዋ።»

ይህ ቃል አናደደኝ። እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ ቁጥራችን ጎዶሎ ነው ይሉናል።»

«ጎዶሎ ነው እኮ።»

«ቅድም ሙሉ ቁጥር ነው ብለውን ነበር። ሙሉ ሆኖ እንዴት ጎዶሎ ይሆናል?»

ቲቸር ግርማ ፈገግ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሙሉ ቁጥር ማለት ያልተቆረሰ፣ ክፍልፋይ የሌለበት ማለት እንደሆነ ነገረን። ጎዶሎ ደግሞ ለሁለት ሲካፈል አንድ የሚቀረው። ሁለቱ አይጣሉም አለ። «ሙሉ ሆኖ ጎዶሎ መሆን ይቻላል» አለ። እኔም ይህን እንደ ትልቅ ምሥጢር ይዤው ወደ ቤት ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው ስለ ብቸኛ ቁጥር ያስተማረን። ሰሌዳው ደርቆ ነበር። በትልቁ ጻፈው፦ ብቸኛ ቁጥር ማለት ከራሱና ከአንድ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ነው። በቃላችን አጠናነው። አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ በሁለት፣ በሦስት፣ በአምስት፣ በሰባት፣ እንዲህ እያሉ በብቸኞቹ በየተራ ማካፈል ነው፤ የሚደርሰው መልስ ከአካፋዩ እስኪያንስ ድረስ መቀጠል አለበት፤ ከዚያ በፊት ማቆም የለም። ይህ የመጨረሻው ነው ከጆሮዬ ያመለጠው። ከራሱና ከአንድ በቀር የሚለው ላይ ቀርቼ ነበር።

ምክንያቱም ይህን አነጋገር ከቤት አውቀዋለሁ። እናቴ ነፍስ ሳላውቅ ነው የሞተችው። ብዙነሽ ብላ ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት፤ ወንድምና እህት ልትጨምርልኝ አስባ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ አባቴና እኔ ብቻ ነን። አባቴ ሰው ስለ እኛ ሲጠይቀው፣ «ከራሳችንና ከአንድዬ በቀር ማን አለን» ይላል። አንድዬ እግዚአብሔር እንደሆነ ደግሞ ሕፃንም ያውቃል።

አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ ፈትል ክፍል። ያን ሰሞን የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበር። ማታ ሲወጣ በሩን ከውስጥ አስዘግቶኝ፣ የመቀርቀሪያውን መያዝ ከውጭ ገፋ ገፋ አድርጎ ፈትሾ ይሄዳል። ጠዋት ሲመጣ ዳቦ ገዝቶ ይገባል፤ ሻይ አፍልቼ እጠብቀዋለሁ። ፀጉሩና ቅንድቡ ላይ የጥጥ ብናኝ ነጭ ሆኖ ተቀምጦ ይመጣል። ትንሽ ሳለሁ አባቴ ሌሊት የሚሸብት፣ ታጥቦ ደግሞ የሚጠቁር ይመስለኝ ነበር።

እሑድ እሑድ አክስቴ ስንዱ ትመጣለች። የአባቴ ታናሽ ናት፤ ሳሪስ ምግብ ቤት ነበራት። ስኳርና ዘይት ይዛ ትመጣለች፣ ቤቱን ጠርጋ፣ ልብሳችንን አጥባ፣ ከዚያ ቁጭ ብላ ያንኑ ወሬ ትጀምራለች።

«ጋሼ፣ ልጅቷን ስጠኝ አልኩህ።»

«ትምህርት ላይ ናት።»

«ማታ ትማራለች። ሳሪስ የማታ ትምህርት ሞልቷል።»

ከአክስቴ ጋር ይኖሩ የነበሩ ልጃገረዶች ማታ ምን እንደሚያደርጉ እኔም እሱም አይተናል፤ ድስት ያጥባሉ።

«ሴት ልጅ ናት» ትላለች አክስቴ። «ደግሞ እያደገች ነው። ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ዘግታ። አንድ ነገር ቢሆን ምን ልትል ነው?»

«የወላጆች ቀን እስኪደርስ ተዪኝ። አስተማሪዋ ፊት ቆማ አያታለሁ። ጭንቅላት ካላት፣ አለቃዬን እግሩ ላይ ወድቄም ቢሆን ወደ ቀን ፈረቃ ተዛውሬ ሰባተኛ አስገባታለሁ። ከሌላት ትወስጃታለሽ።»

«አስተማሪው ሌሊት መጥቶ በር ይጠብቅልሃል?»

«እስከዚያ ድረስ አልኩሽ ስንዱ።»

ይህ ሁሉ እኔ እዚያው ተቀምጬ የሚባል ነው። ዛሬ እኔም እናት ሆኜ ሳስበው አክስቴን አልፈርድባትም፤ እኔ ልጄን ለአንድ ሌሊት ብቻዋን አላሳድርም፣ ሱቅ እንኳን ስልካት በር ላይ ቆሜ ነው የምጠብቃት። ያን ጊዜ ግን የማውቀው አንድ ነገር ነው። ከአባቴ ጋር መቆየቴ የተንጠለጠለው በአስራ አንድ ሺህ አንድ መቶ አስራ አንድ ላይ ነው።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሻይ እየጠጣን የቁጥሩን ወሬ እነግረው ጀመር። አባቴ ሂሳብ አልተማረም፤ ስሙን ይጽፋል፣ ጋዜጣ ፊደል እየቆጠረ ያነባል። ነገሩን እንደ ትግል ወሬ ነበር የሚሰማው።

«ትናንትስ ማን ሞከረው?» ይለኛል ዳቦውን እየቆረሰ።

«አስራ ሰባት።»

«እና?»

«አልቻለም። አስር ቀረው።»

«አስራ ዘጠኝስ?»

«እሱም አልቻለም። አስራ አምስት ቀረው።»

«ደካማ ነው እሱ።» ሻዩን ፉት ይላል። «ዛሬ ማን ተረኛ ነው?»

«ሃያ ሦስት።»

ማታ ወደ ሥራ ሊሄድ ሲነሳ ደግሞ ይጠይቀኛል። «ሃያ ሦስት ምን ሆነ?»

«ለጥቂት ነው የሳተው አባዬ። ሁለት ብቻ ቀረው።»

«አስደነገጠሽ አይደል?»

«አዎ።»

«የኛ ቁጥር ጀግና ነው» ይልና መቀርቀሪያውን ፈትሾ ይሄዳል።

ብቸኛ የሚባለውን ነገር የነገርኩት ከነዚህ ጠዋቶች ባንዱ ነው። ከራሱና ከአንድ በቀር ማንም አያካፍለውም ማለት ነው አልኩት። አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እንዴት እንዴት? ድገሚው እስቲ» አለኝ። ደገምኩለት። «እንደኛ ማለት ነዋ» አለ። ከዚያ ወዲያ ለፋብሪካ ጓደኞቹም ሳይነግር አልቀረም፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሰውዬ አቁመው፣ «ቁጥርሽ ደህና ነው?» ብለውኛል። ለአክስቴም እሑድ ነገራት። «አንካፈልም» አላት ፈገግ ብሎ። «ሂሳቡ ራሱ እንደዚያ ይላል።»

ዘምዘምና እኔ ሰላሳ ሰባት ላይ ደረስን። አስራ አንድ ቀረው። እኔ እርሳሱን አስቀመጥኩ።

«በቃ ብቸኛ ነው» አልኩ።

«ገና ነው። አርባ አንድ አለ፣ አርባ ሦስት አለ፣ አርባ ሰባት አለ።»

«ለምን እንደክማለን?»

«ቲቸር እስኪያንስ ድረስ ብሏል።»

«አንቺ አታይም? ሁሉም አንድ ነው። ከአንድ በቀር ምንም የለበትም እኮ።»

ዘምዘም ቁጥሩን ለረዥም ጊዜ አየችው። እኔ በጣም እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው መሰለኝ እሷም እርሳሷን አስቀመጠች። በዚያ ላይ አባቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቅ ውስጥ ስለሚፈልጓት ትቸኩላለች።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ክፍሉን ጠረግን፣ ሰሌዳውን እንደገና ቀባን፣ በዚህኛው ዙር በደንብ እንዲደርቅ ከዋዜማው። ባለ አስራ ሁለት ሺዎቹ ቀድመው ወጡ፤ አካፋዮቻቸውን መቁጠር ጀምረው ማቆም አቃታቸው፣ በመጨረሻ ዳይሬክተሩ «ይበቃል፣ ገብቶናል» ሲሉ ተሳቀ። ከዚያ እኛ ተጠራን።

ስወጣ አባቴን አየሁት። መስኮቱ አጠገብ ነበር የተቀመጠው፣ ቱታው ላይ ኮት ደርቦ። ፀሐዩ ከኋላው ስለሚመጣ ፀጉሩ ላይ ያለው ብናኝ ከሩቅ ያበራል። ፊቱን ታጥቧል፤ ፀጉሩን ግን ረስቶታል። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ነበር። ዓይኔን ወዲያው አነሳሁ።

ያጠናሁትን በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። «ቁጥራችን አስራ አንድ ሺህ አንድ መቶ አስራ አንድ ነው። ሙሉ ቁጥር ነው፣ ጎዶሎም ነው። ከግራ ቢነበብ ከቀኝ ቢነበብ ያው ነው። አሃዞቹ ሲደመሩ አምስት ስለሚሆኑ በሦስት አይካፈልም። በዜሮ ወይም በአምስት ስለማያልቅ በአምስት አይካፈልም። በሰባት ሁለት ይቀረዋል፣ በአስራ አንድ አንድ ይቀረዋል። ብቸኛ ቁጥር ነው።»

አባቴ ሊያጨበጭብ እጁን አነሳ። ቲቸር ግርማ ግን አላጨበጨበም።

«እስከ ስንት ሞከራችሁት?»

«እስከ ሰላሳ ሰባት» አለች ዘምዘም ቀስ ብላ።

«ከዚያ በኋላስ?»

ዘምዘም እኔን አየች።

«አያስፈልግም ቲቸር» አልኩ።

«ለምን አያስፈልግም?»

«ሁሉም አንድ ናቸው።»

«እሺ። ቢሆኑስ?»

«ብቸኛ ማለት ከራሱና ከአንድ በቀር አካፋይ የሌለው ነው። የኛ ቁጥር ደግሞ ከአንድ በቀር ምንም የለውም። አንድ ማለት አንድዬ ነው። አንድዬን ማን ያካፍለዋል?»

መጀመሪያ ክፍሉ ጸጥ አለ። ትክክል የተናገርኩ መሰለኝ። ከዚያ ወይዘሮ አልማዝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ቤቱ በሙሉ ተከተላቸው።

«ይቺን ሰንበት ትምህርት ቤት ነበር መላክ» አሉ።

«እሱስ አንድ ነው» አሉ ጋሽ ሸምሱ ከኋላ፣ ሊያግዙኝ ብለው። ሳቁ ባሰ።

ቲቸር ግርማ አልሳቀም። «ዘምዘም፣ በአርባ አንድ አካፍይው» አላት።

ዘምዘም ጠመኔዋን አነሳች። መቶ አስራ አንድን ለአርባ አንድ፣ ሁለት። ሃያ ዘጠኝ ቀረ። አንድ ወረደ፣ ሁለት መቶ ዘጠና አንድ ሆነ። ሰባት። አራት ቀረ። አንድ ወረደ፣ አርባ አንድ ሆነ። እዚህ ላይ ስትደርስ ጠመኔዋ ቆመ። ማንም ያየዋል፤ አርባ አንድ ለአርባ አንድ። መልሱን ጻፈች፣ ሁለት መቶ ሰባ አንድ። ከስሩ ዜሮ። ሰዉ አጨበጨበላት። እሷ ግን ሰሌዳውን እንዳየች ቀረች፣ አልዞረችም።

አባቴ የተነሳው ያን ጊዜ ነው።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ። «አንዴ ይደገም።»

«ጋሽ በቀለ፣ ሂሳብ እኮ በልመና አይቀየርም» አሉ ወይዘሮ አልማዝ። ደግሞ ተሳቀ።

«አውቃለሁ እሜቴ። ልጅቷ ቸኩላ ይሆናል ብዬ ነው። የኔ ልጅ ትሥራው።»

ቲቸር ግርማ ሊከለክለው አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ለኔ ጠመኔ ሰጠኝ። ሠራሁት። ጥፍሬ ስር ያለው ጥቁር ለሁሉ ሰው የሚታይ መሰለኝ። ቁጥሮቹ እየተጣመሙ ነው የሚወጡት። ሁለት፣ ሰባት፣ አንድ።

«ስንት ቀረው?» አለ አባቴ። በጠዋት ሻይ ላይ የሚጠይቀኝ ድምፁ ነው።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም አልቀረም አባዬ።»

ቁጭ ሲል ወንበሩ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ኮፍያውን ከኪሱ አውጥቶ አደረገ። ክፍል ውስጥ ኮፍያ እንደማይደረግ ያውቃል፤ አባቴ ሥርዓት አዋቂ ሰው ነበር።

ግቢው ውስጥ ቲቸር ግርማ ተከትሎን መጣ። «ጋሽ በቀለ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት» አለው። «ስህተቷ የሰነፍ ስህተት አይደለም። አስባ ነው የተሳሳተችው። ሰባተኛ ትግባ፣ እኔ ነኝ የምልዎት።»

«እግዜር ይስጥልን» አለ አባቴ፣ ጎንበስ ብሎ። «እግዜር ይስጥልን ቲቸር።» ፊቱን ግን ቀና አድርጎ አላየውም።

አክስቴ ስንዱ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ክፉ ልትናገር ፈልጋ አይመስለኝም፣ ነገሩን ልታቀል ነው።

«እንግዲህ ጋሼ፣ እኔ አርባ አንድ ላካፍላችሁ መጣሁ» አለችው። አባቴ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

እሷን ታክሲ ላይ አሳፍረናት ሁለታችን ወደ ቤት ስንሄድ ባቡር ሐዲዱ ጋ ደረስን። አባቴ ሁልጊዜ እዚያ እጄን ይይዘኛል፣ ባቡር ባይኖርም። ያን ቀንም ያዘኝ።

«አባዬ፣ ቲቸር ሰባተኛ ትግባ ብሏል እኮ» አልኩት።

«ሰው ሲያዝንልሽ እንደዚያ ይላል ብዙዬ።»

«አይደለም፣ ከልቡ ነው።»

«ሳቁብሽ» አለኝ። «እኔ እዚያው ተቀምጬ ሳቁብሽ። አስነስቼ ደግሞ ሁለተኛ አሳቅኩብሽ።»

እኔ የገባኝ፣ ቁጥሩን ስለተሳሳትኩ ልሰጥ መሆኑ ነው። አባቴ ያፈረው በራሱ እንደሆነ፣ ከጠዋቱ ጀምሮ ፀጉሩን እንኳን ሳያጸዳ በመምጣቱ እንዳፈረ፣ ይህን ልጅ ሆኜ ከየት አውቀዋለሁ። እኔ በሱ ማፈሬንም አይቶ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ከሰዓት በኋላ እሱ ሲተኛ፣ ከምድጃው ከሰል አንስቼ የደጃፉ ሲሚንቶ ላይ ቁጥሩን ጻፍኩት። በአርባ አንድ አካፈልኩት። አጠፋሁና እንደገና አካፈልኩት። ዘምዘምም እኔም ተሳስተን ከሆነ፣ የሆነ ቦታ አንድ ከቀረው፣ አባቴን ቀስቅሼ ለማሳየት ነው። ሲሚንቶው ጥቁር ሆነ። ቀና ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ምን ታደርጊያለሽ አላለኝም። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ስንት ቀረው?»

«ምንም።»

እጁን ራሴ ላይ አደረገ። «ተዪው በቃ ብዙዬ» አለኝ። «ይካፈል።»

ዕቃዬ የታሰረው ቅዳሜ ነው፤ አክስቴ ከሰዓት በኋላ ልትወስደኝ ትመጣለች ተብሏል። ከወላጆች ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄድኩም ነበር። ብዙነሽ ብቸኛ፣ አንድዬ እያሉ የሚጠሩኝ ይመስለኝ ነበር፤ ይጠሩኝ አይጥሩኝ አላወቅኩም፣ ሄጄ አልሰማሁማ። በሩ ሲንኳኳ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ዘምዘም ነበረች።

«ጋሽ በቀለ፣ ብዙነሽ አለች?»

አባቴ ወደ መጋረጃው አየ። እግሬ ከስር ሳይታየው አይቀርም።

«ተኝታለች» አላት።

«እንግዲያው ይንገሩልኝ። ሁለት መቶ ሰባ አንድም ብቸኛ ነው። እስኪያንስ ድረስ ሞክሬዋለሁ፣ ምንም አያካፍለውም። አርባ አንድም ብቸኛ ነው።»

«እሺ ልጄ።»

«ስለዚህ ሁለት ብቸኞች ናቸው ማለት ነው። ተባዝተው ነው እሱን የሆኑት። እንደዚህ ብለው ይንገሯት፣ ይገባታል።»

«እነግራታለሁ።»

አልሄደችም። ጫማዋ አፈሩ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል።

«ሰኞ ትመጣለች?»

አባቴ ወደታሰረው ዕቃዬ ዞር አለ። ዘምዘምም፣ «ሱቅ ይጠብቁኛል» ብላ ሄደች።

«ሰምተሻል አይደል?» አለኝ አባቴ መጋረጃውን ገልጦ። እሷ ያሸነፈችበትን ቁጥር ይዛ እቤቴ ድረስ ልታሳፍረኝ የመጣች ነበር የመሰለኝ። መጽናኛ ይዛ መምጣቷ አልታየኝም። ከሰዓት በኋላ አክስቴ መጥታ ሳሪስ ወሰደችኝ።

አሁን ልጄ ያንኑ ትምህርት ደርሳበታለች። ማታ የቤት ሥራዋን ዘርግታ፣ «ማሚ፣ ብቸኛ ቁጥር ምንድን ነው?» ስትለኝ እሳት ላይ የጣድኩት አለ ብዬ ወደ ማድቤት እገባለሁ። የማውቀውን ሁሉ እዚያ ቆሜ በልቤ እላታለሁ። አውጥቼ ብናገር፣ ብሳሳት፣ ትምህርት ቤት ሄዳ የእናቷን ስህተት ብትናገርና ቢስቁባትስ? እሷ ግን ራሷ ሠርታው ትመጣለች። በቀደም አንድ ትልቅ ቁጥር በታትና በታትና አሳየችኝ። «አየሽ ማሚ፣ ሁሉም ሲበታተን መጨረሻው ብቸኞች ናቸው» አለችኝ። አዎ አልኳት። ያን ቀን ዘምዘም በር ላይ ቆማ ያለችው የገባኝ ገና ያን ማታ ነው።

የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነበር፣ አቃቂ፣ ከሐዲዱ ማዶ። አሁን ቦታው ላይ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። ባለቤቱን ብጠይቀው አያውቃቸውም። ቤተሰቡ ወራቤ ተመልሷል ያሉኝ አሉ፤ የለም፣ ልጆቹ ቃሊቲ ሱቅ ከፍተዋል ያሉኝም አሉ። ቃሊቲ ሄጄ በየሱቁ በር ቆም ብያለሁ፤ ገብቼ ለመጠየቅ ግን አፈርኩ። ዘምዘም ዛሬ የኔ ዕድሜ ናት። ቀጭን ነበረች፣ በግራ እጇ ነው የምትጽፈው። ያለችበትን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ደህና መሆኗንና ሰባተኛ ገብታ እንደሆነ ይንገረኝ።